ዓሣ የገባበት ዘንዶ

ፊንላንድ የሚባል አገር ሰዎች ዘንዶን «ሎሂካርሜ» ይሉታል። ሎሂ ዓሣ ነው፤ ካርሜ እባብ ነው። ዓሣ እባብ ማለታቸው ነው እንግዲህ። ዘንዶ ክንፍ አለው፣ እሳት ይተፋል፣ ውሃ ዘግቶ ግብር ይቀበላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዓሣ ነው ሲባል ግን ከነሱ በቀር ከማንም አልሰማሁም። ይህን ያወቅሁት ከትምህርት ቤት አይደለም። ሞጣ ላይ የቧንቧ መጋዘን ስጠብቅ ከአንድ ፈረንጅ አፍ ነው የሰማሁት። ሰባት ዓመት ዘግቼ የተውኩትን ነገር ያ ቃል ባይከፍትብኝ ኖሮ ዛሬ ብዕር ይዤ አልቀመጥም ነበር።

ከመነሻው ልጀምር። የተወለድኩት ቢቸና ዙሪያ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ነን። አባታችን ታላቄን ለቄስ ትምህርት፣ እኔን ለሞፈር መደበን። ማናችንንም አልጠየቀም፤ በሬ እንደሚመርጥ ሰው አይቶ ለየን። ወንድሜ ከዳዊት ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ ሲሻገር እኔ ከእርሻ ወደ አጨዳ፣ ከአጨዳ ወደ ውቂያ ተሻገርኩ። ቅስና ተቀብሎ ሲመለስ መስቀሉን ዘረጋልኝ፤ ተሳለምኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ «አያ» ማለቴን ትቼ «አባ» አልኩት፤ አንተ ማለቴን ትቼ አንቱ አልኩት። እንደወደደው ፊቱ ላይ አይቻለሁ። እዚህ ግን «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ወረቀት ላይ የምፈራው ሰው የለም።

ማንበብ የተማርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። መንግሥት ተለውጦ፣ እኔም ከገጠር ወጥቼ ቢቸና ከተማ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ በጥበቃ ተቀጥሬ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ጎልማሶች ይማራሉ። አንድ ቀን የምጠብቀውን በር ራሴ አልፌ ገባሁና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ለሕፃን የተሠራ ነው፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። አስተማሪዋ ከወሎ ተመድባ የመጣች ሙስሊም ወጣት ነበረች። ጋሼ ትለኛለች፤ ታከብረኛለች፤ ስሳሳት ግን አታልፈኝም።

አንድ ክፉ አመል ነበረኝ። የቃሉን ግማሽ አይቼ ሌላውን ግማሽ ከራሴ እሞላ ነበር። «ምሳር» የሚለውን «ምስር» ብዬ አነባለሁ፤ ምስር ነዋ የምበላው። እሷም ይህን አይታ አንድ ቀን ጠጋ ብላ፣

«ጋሼ፣ የማያውቁትን ቃል በሚያውቁት አይተኩ። ዓይንዎ ሳይጨርስ አፍዎ አይጨርስ» አለችኝ።

ቃሏን ልቤ ውስጥ አስቀመጥኩት። አስቀመጥኩት እንጂ አልያዝኩትም።

በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የባሕር ሥዕል ነበር። ከሥዕሉ በታች «ዓሣ ነባሪ» የሚል ተጽፏል። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ የማውቀው ውሃ ክረምት የሚሞላ ወንዝ ነው። ቃሉ ግን ወዲያው ገባኝ። ዮናስን ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በሆዱ ይዞ የነበረው ዓሣ እሱ ነው፤ ስለዚህም ነባሪ ተባለ አልኩ ለራሴ። ማንም አልነገረኝም። በሕይወቴ ከፊደል ውስጥ ራሴ ቆፍሬ ያወጣሁት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበርና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁበት።

የዚያ ዓመት የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን ነው። ቅዳሴ አብቅቶ ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ወንድሜ በአማርኛ የተጻፈውን ወንጌል ይዞ ዮናስን የሚያነሳውን ክፍል አንብቦ ሊያስተምር ቆመ። መጽሐፉን ገለጠ። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ወንድሜ ፊደል ቆጥሯል አሉ፣ እስቲ ዛሬ እሱ ያንብብልን አለና መጽሐፉን ዘረጋልኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ከወንድሜ ጠብቄ አላውቅም። ተነሣሁ። አራት መስመር ያህል አንድም ሳልስት አነበብኩ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት «እሰይ» ስትል ሰማሁ። አምስተኛው መስመር ላይ ዓሣው መጣ። «ዓሣ ነባሪ» አልኩ።

«አንበሪ» አለ ወንድሜ፣ ወደ ዛፉ ጫፍ እያየ።

ዝቅ ብዬ ተመለከትኩ። ወረቀቱ እውነትም «ዓሣ አንበሪ» ነው የሚለው። እዚያ ላይ «እሺ አባ» ብዬ ባልፍ ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ነበርኩ። ማተሚያ ቤቱ ተሳስቶ ነው አልኩ። ይህ ሳይበቃኝ ያን የኮራሁበትን ነገር ለሕዝቡ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሦስት ቀን ስለነበረ ነባሪ፣ እንዲህ ስለሆነ እንዲያ። ወንድሜ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ፣

«አንባቢ ስንጠብቅ ነባሪ መጣብን» አለ።

ሳቁ ከጽዱ ሥር ተነሥቶ እስከ ደጀ ሰላሙ ደረሰ። ያቺ «እሰይ» ያለችው አሮጊት ሳይቀር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። በእኛ አገር ስድብ ይረሳል። ቤት የሚመታ ስድብ ግን አይረሳም፤ ሰዉ ለጣዕሙ ሲል ይዞት ይዞራል።

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል። የእኔም ስም ከቤት ወጣ። ገበያ ውስጥ የማላውቀው ሰው «ነባሪ፣ ዛሬም አለህ?» ይለኛል። ጠላ ቤት ስገባ «ተነሡለት እንጂ፣ ነባሪ መጣ! ይሄ ከተቀመጠ ሦስት ቀን ነው» ይላሉ። ክፍል ውስጥ የማይስቅብኝ አልነበረም፤ ሌሎቹ ሲያልፉ እኔ አንደኛው ደረጃ ላይ ሁለት ዓመት ቆይቼ ስለነበር ስሙ በእጥፍ ተስማማኝ።

አስተማሪዋ ሰምታለች። ቅዳሜ ሰዉ ከወጣ በኋላ አስቆመችኝ። አንበሪ የግእዝ ቃል ነው አለችኝ። በአረብኛም ዐንበር የሚሉት አለ፣ ከዚያው ዓሣ የሚገኝ ሽቶ ነው፣ ቁርአን ስትቀራ ከሼኩ ሰምታለች፤ ግእዙም ከዚያ በኩል የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ሕዝቡ አንበሪ የሚለው ቃል ምንም አልነግረው ሲል ነባሪ አደረገውና የሚያውቀው መሰለው። ስለዚህ የርስዎ ስህተት አዲስ አይደለም ጋሼ፣ ካንተ በፊት ብዙ ሰው ተሳስቶታል ለማለት ነው፣ አለችና «አንተ» ማለቷ አስደንግጧት አፏን ያዘች።

ልታጽናናኝ ነበር። እኔ ግን፣ ስህተት መሆኑን ካወቅሽ ለምን መጽሐፍሽ ላይ ጻፍሽው አልኳት። መጽሐፉን የጻፈችው እሷ አይደለችም። ይህን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ጠመኔዋን ሰበሰበች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄድኩም፤ ከዚያ በኋላም አልሄድኩም። ይቅርታ ሳልጠይቃት ወደ አገሯ ተዛወረች።

ብዙም ሳልቆይ ቢቸናን ለቅቄ ሞጣ ገባሁ። እዚያ የገጠር ውሃ የሚያስቆፍር የውጭ ፕሮጀክት ነበር፤ ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ዘበኛ ይፈልግ ነበር። መዝጋቢው፣ ማንበብና መጻፍ ትችላለህ ወይ አለኝ። አልችልም አልኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ፈረቃ በተቀያየርኩ ቁጥር የመረካከቢያ ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ አተምኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። ማንን እንደምበቀል ራሴም አላውቅም ነበር፤ ጣቴ ብቻ ሐምራዊ ሆና ቀረች።

ችግሩ ዓይን አይታዘዝም። አንዴ ፊደል ከለየ ባትፈልግም ያነባል። የሲሚንቶ ከረጢት፣ ባሕር ዳር የሚጭነው ሚኒባስ ጀርባ ላይ ያለ ጥቅስ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጨረታ ማስታወቂያ፤ ሁሉም ዘሎ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። አፌን ግን ዘጋሁት።

ፈረንጁ የፊንላንድ ሰው ነው። ረጅም፣ አንገቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር ጭቃ ውስጥ የሚቆም ሰው። አማርኛ ይሞክራል። እነሱ ቋንቋ ውስጥ እሱና እሷ አንድ ቃል ነው አሉ፤ ስለዚህ የእኛን ወንድና ሴት እንዳገኘ ያቀላቅለዋል። ጠዋት ሲገባ «እንደምን አደርሽ» ይለኛል፤ ስዘገይ «ዘበኛዋ የት ሄደች?» ይላል። ግቢው በሳቅ ይሞላል። ያ ሳቅ ግን የኔን ዓይነት አልነበረም። ጎበዝ ይሉታል፤ አማርኛ እኮ ቻለ ይሉታል፤ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል። እሱ በቀን ሃያ ቃል ይስታል፤ እኔ በዕድሜዬ አንድ ቃል ሳትኩ። እሱን ሲያጨበጭቡለት ሳይ ሰውየውን ጠላሁት። ምንም አላደረገኝም፤ ጠላሁት።

አንድ ቀን የቧንቧ መገጣጠሚያ የያዙ ሣጥኖች በመኪና መጡ። ጫኞቹ ሁሉንም ያወርዳሉ። ከሣጥኖቹ ሦስቱ ላይ «ቢቸና» የሚል ተጽፏል። ዝም ማለት ነበረብኝ። እነዚያን ተዋቸው፣ የቢቸና ናቸው ብዬ ጮህኩ። ፈረንጁ አጠገቤ ቆሟል። ሣጥኑን አየ፤ ጣቴን አየ።

«አንቺ ታነቢያለሽ» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም።

አላነብም አልኩት። አልተከራከረኝም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲመጣ ግን ወደ ጥበቃ ቤቴ ገብቶ ተጠለለ። ከእኔ ጋር ሁለት ሰው የማይይዝ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የጊዮርጊስ ሥዕል ያለበት ካላንደር ሰቅያለሁ፤ ፈረሱ ነጭ፣ ከሥሩ ደራጎኑ ጦር ገብቶበት የሚጠቀለል። ደራጎኑን በጣቱ ነካና «ሎሂካርሜ» አለ። ከዚያ ቃሉን ለሁለት ቆርሶ ነገረኝ። ሎሂ በአገሩ ወንዝ ሽቅብ የሚዋኝ፣ ሥጋው ቀይ የሆነ ዓሣ ነው። ካርሜ እባብ ነው።

ዘንዶን ከዓሣ ምን አገናኘው አልኩት።

ሳቀ። ምንም አላገናኘውም አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር እየጮኸ፣ አማርኛው ሲያልቅበት በእጁ እየሣለ የነገረኝ ይህ ነው። ጎረቤታቸው ስዊድን የሚባል አገር ነው፤ በድሮ ዘመን ይገዛቸው ነበር። የስዊድን ሰዎች በዚያ ዘመን ዘንዶን የሚበር ድራኬ ይሉት ነበር፤ የሚበር የሚለው በነሱ አፍ «ፍሎግ» ነው። የፊንላንድ ገበሬ ምላስ ደግሞ በቃል መነሻ ላይ ሁለት ድምፅ ተጣብቆ ሲመጣበት አይችለውም። እኛ ስፖርት ማለት ሲያቅተን «እ» ጨምረን እስፖርት እንላለን፤ እነሱ አይጨምሩም፣ የፊተኛውን ይጥሉታል። ፍሎግ ሎግ ሆነ። ሎግ ማለት ደግሞ በነሱ ምንም አይደለም። ከሚያውቁት ቃል ጆሯቸው ላይ የቀረበው ሎሂ ነው። ድራኬን እባብ ብለው ተረጎሙት፣ ክንፉን ዓሣ አደረጉት።

ድራኬ ሲል ደራጎን የሚለውን የሰማሁ መሰለኝ። ልናገር አልኩና ተውኩት። ምናልባት እንደገና የማውቀውን መስማቴ ይሆናል። የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነው።

«ማንም አላረማቸውም?»

አሰበ። ጣራውን አየ።

«የሚያርም ሰውዬ ሞተች» አለኝ። «ቃሉ ቆየች።»

ዝናቡ አባራና ወጥቶ ሄደ። እኔ ካላንደሩ ሥር ቀረሁ። ዘንዶው ላይ ክንፍ አለ፤ ዓሣ የሚመስል ነገር የለም። የአንድ አገር ሕዝብ በሙሉ የማያውቀውን ቃል በሚያውቀው ተክቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሥዕሉን እያየ፣ ለልጁ ዓሣ እባብ እያለ ኖረ። መጀመሪያ የተሳሳተው ሰው ማን እንደነበር አሰብኩ። አንድ ሰው ነው መቼም የሚጀምረው። ስዊድንኛ የሚያውቅ ቄስ አጠገቡ ነበረ ይሆን? ሳቀበት ይሆን? ሰው ብቻውን ሲስት ተሳሳተ ይባላል፤ ተከታይ ካገኘ ቋንቋ ይሆናል። የእኔም ተከታይ ነበረው፤ ያውም መጽሐፍ ላይ የታተመ። ያቺ የወሎ ልጅ ይህንኑ ነበር የነገረችኝ፤ ያውም ጥርት ባለ አማርኛ። ከሷ አልሰማሁትም። ከፈረንጅ ሲመጣ ሰማሁት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እንደዚያ ነው የሆነው።

ደግሞ ራሴን ነፃ ላውጣ አልልም። ስህተት አድሮ ቃል ሆነ ማለት እኔ ያን ቀን በደንብ አነበብኩ ማለት አይደለም። እጄ ላይ የነበረው ወረቀት አንበሪ ነበር የሚለው።

ማታ ተረኛው ሲመጣ የመረካከቢያውን ወረቀትና የቀለሙን ጨርቅ አቀረበልኝ። ብዕር ስጠኝ አልኩት። ስሜን ጻፍኩ፤ ተንሻፎ ነበር። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «አውራ ጣትህን አመመህ እንዴ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን አነበብኩ። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ሄደ። አንድ የጥር መጨረሻ ላይ ከቢቸና መልእክት መጣብኝ። የወንድሜ ዓይን ጠፍቷል፣ ከአገልግሎት ተለይቶ ቤት ተቀምጧል፣ ነነዌ ሲገባ «ወንድሜ መጥቶ ያንብብልኝ» ብሏል። መልእክቱን ያመጣው ሰው ይህን ሲነግረኝ ፈገግ አላለም፤ የጥንቱን ነገር አያውቅም። እኔ ግን ለምን እንደምሄድ ወስኜ ነው የተነሣሁት። ደጁ ድረስ ሄጄ፣ መጽሐፉን ሲሰጠኝ ተቀብዬ፣ «አባ፣ እኔ ነባሪ እንጂ አንባቢ አይደለሁም» ብዬ ልመልስለት ነበር። ቃሉን በአውቶቡስ ውስጥ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ደጋገምኩት። ቤት እንዲመታ ጭምር ሞክሬያለሁ።

ወንድሜ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አረጀ። መስቀሉን ዘረጋልኝ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ግራዬ ነው የዘረጋው። ዞሬ ተሳለምኩ። መጽሐፉ ጉልበቱ ላይ ነው፤ ያው መጽሐፍ፣ ጀርባው በቆዳ ተጠግኗል። ያን ያዘጋጀሁትን ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ያን ቀንም አላይም ነበር» አለ።

የትኛውን ቀን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ዓይኑ መድከም ከጀመረ ቆይቶ ነበር አለኝ። ቅዳሴውን በቃሉ ነው የሚወጣው፤ ግእዙን በቃሉ ያውቀዋል፣ ማንም አልነቃበትም። ዓይኑ የጠፋ ቄስ መቅደስ አይገባምና ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። ያን ቀን ጽዱ ሥር መጽሐፉን ሲገልጥ ገጹ ጉም ሆነበት። ሰዉ ይጠብቃል። ዙሪያውን ሲያይ ከሰዉ መካከል ማንበብ የሚችል መሆኑን የሚያውቀው አንድ ሰው ነበረ።

ታዲያ ለምን ሕዝቡን አሳቁብኝ አልኩት።

«መጽሐፉን ሳላይ አረምኩህ። አንበሪ ያልኩት በቃሌ ነው። ካህናቱ ወደ እኔ መመልከት ጀምረው ነበር። ዓይናቸውን ወደ አንተ መለስኩት።» መጽሐፉን በመዳፉ ዳሰሰና፣ «ደግሞ ቃሉ ጥሩ መጣልኝ» አለ።

ይህን የመጨረሻውን ባይናገር እንደሚሻለው ያውቃል። ተናገረው። በዚህስ ወንድማማቾች ነን።

ያዘጋጀሁትን ነገር አልተናገርኩም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የፊንላንዱን ዘንዶ ነገርኩት። ፍሎግን፣ ሎሂን፣ የሞተችውን አራሚ ሰውዬ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ተማሪው ቅኔ ሲያቀርብለት እንደሚያዳምጥ መምህር አዳመጠኝ። እኔ ስናገር እንዲያ ሲያዳምጥ አይቼው አላውቅም። ስጨርስ ቃሉን ሁለት ጊዜ በአፉ ውስጥ አላመጠው።

«ሰሙ ዓሣ፣ ወርቁ ክንፍ» አለ። «ሳያውቁት ቅኔ ዘረፉ እኮ።»

ከዚያ መጽሐፉን ዘረጋልኝ። እዚህ ላይ ነበር እንግዲህ አላነብም ማለት የነበረብኝ። ተቀበልኩ። ገጹን ፈልጌ አገኘሁና ከላይ ጀመርኩ። ማንበቤ እንደ ድሮው አይደለም፤ ዓይኔ ሳይጨርስ አፌ አይጨርስም። አራት መስመር አለፍኩ። አምስተኛው ላይ ደረስኩና እንደተጻፈው አነበብኩት፤ ዓሣ አንበሪ።

ወንድሜ እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«ነባሪ በለው» አለ።

ፊቱን አየሁት። የማያዩት ዓይኖቹ ከጎኔ ያለውን አየር ይመለከታሉ። እያሾፈ አልነበረም። ይቅርታ በቀጥታ መጠየቅ የማይችል ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም አልችልምና።

«ወረቀቱ ላይ የለም፣ አያ» አልኩትና ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ።